የስንዱ አፍ

ባለፈው ሳምንት ጨጓራዬ ተነሥቶብኝ፣ የቀመስኩት ሁሉ አልረጋ ብሎኝ፣ ሐኪም ያዘዘልኝን ይዤ ሀይሌ ጋርመንት አካባቢ ወዳለች አንዲት ፋርማሲ ገባሁ። መድኃኒት የምትሰጠው ልጅ ገና ትናንት ከኮሌጅ የወጣች ትመስላለች። ሁለት ዓይነት ክኒን አወጣችልኝና አወሳሰዱን ነገረችኝ። ተቀብያት ልወጣ ስል ግን «እማማ፣ አንዴ» አለችኝ። «ይኼኛው የማቅለሽለሹ ነው። ምናልባት አፍዎ ወይም ምላስዎ በራሱ ጊዜ መንቀሳቀስ ከጀመረ፣ ዛሬ ነገ ሳይሉ ያቁሙትና ይምጡ። ቶሎ ካልቆመ እንደዚያው ሊቀር ይችላል።»

እማማ መባሉ ራሱ አናዶኛል፤ ገና ሃምሳ እንኳን አልሞላኝም። ግን ደሜን ያፈላው እሱ አልነበረም።

«ይህን ማን ነገረሽ?» አልኳት።

«ምኑን?»

«የምላሱን ነገር።»

«ተምረነዋል» አለች ግራ ገብቷት። «ለሚወስደው ሰው ሁሉ እንናገራለን።»

ልጅቷ ምን አደረገችኝ? አመሰገንኳትና ወጣሁ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚሉት መጣብኝ፤ እሷን ውሻ ማለቴ አይደለም፣ ጅቡ ቀድሞ ቤታችን ገብቶ ስለወጣ ነው። ታክሲ ሳልይዝ እስከ ቤቴ በእግሬ ሄድኩ። መንገዱን ሁሉ ስንዱን ሳስብ ነበር።

ስንዱ ታላቅ እህቴ ናት። በስምንት ዓመት ስለምትበልጠኝ በስሟ ጠርቻት አላውቅም፤ እታለም ነበር የምላት። አባታችን ገና ልጅ ሳለሁ ነው የሞተው፤ እማዬና እሷ ናቸው ያሳደጉኝ። የምነግራችሁ ነገር የሆነው በሰማንያዎቹ መጨረሻ፣ እኔ አሥረኛ ክፍል ሳለሁ ነው። ቤታችን ጎፋ ነበር። የዛሬውን ጎፋ ብቻ የሚያውቅ ሰው የዚያን ጊዜውን ብነግረው አያምነኝም። ከግቢያችን ጀርባ ያለውን ኮረኮንች ይዞ ወደ ላፍቶ የወረደ ሰው፣ ትንሽ እንደሄደ ቤቱ ያልቅበትና የጤፍ ማሳ ውስጥ ይገባል። ክረምት ላይ ጭቃው ጫማ ይቀማል። ጥቅምት ሲመጣ ደግሞ ነፋሱ የእርሻውን ሽታ እስከ ጓዳችን ያመጣዋል። አሁን ያ ማሳ ኮንዶሚኒየም በቅሎበት፣ በየበረንዳው ልብስ ይሰጣበታል።

እታለም ልብስ ስፌት ፋብሪካ ነበር የምትሠራው፤ አንገትጌ የሚተክሉት ክፍል። ክሩን በመቀስ ከመቁረጥ በጥርሷ መበጠስ ይቀናታል። ሳቂታ ነበረች፤ ሰንበት ትምህርት ቤት ከበሮ ስትመታ የሚያያት ያን ጉልበት ከየት እንዳመጣችው ይገርመዋል። ከሕፃንነቷ ጀምሮ በየፍልሰታው ትቆርባለች። ብዙው ሰው ጎረምሳ ሲሆን ይፈራና ይተወዋል፤ ትዳር እስኪይዝ ወይም እስኪያረጅ ድረስ። እሷ አልተወችውም። «ሌላ ቦታ በልቼ ይርበኛል፤ ከዚያ ግን ጠግቤ ነው የምመለሰው» ትለኝ ነበር። እኔ ቅዳሴ ሲረዝም እግሬ የሚያልቅብኝ ሰው ነኝና ነገሩ አይገባኝም ነበር።

ሕመሙ የጀመራት እኔ አሥረኛ ክፍል ከመግባቴ ቀደም ብሎ ነው። መጀመሪያ እንቅልፍ አጣች። ቀጥሎ ጎረቤት በግድግዳው በኩል ስሜን እያነሣ ያማኛል አለች። ራዲዮኑ ስለ እኔ ያወራል ብላ በፎጣ ጠቀለለችው። መርዝ አለበት ብላ የእማዬን ሽሮ እምቢ ያለች ቀን እማዬ ድስቱን ከፊቷ አስቀምጣ፣ እየጎረሰች፣ «ይኸው እኔ በላሁት፣ ይኸው አልሞትኩም» እያለች ስታለቅስ አይቻለሁ። ጸበል ወሰድናት፤ ተጠመቀች፤ እዚያው ሰነበተች፤ አልሆነም። በመጨረሻ አንዲት የፋብሪካ ጓደኛዋ መክራን ሆስፒታል ሄደችና በየወሩ የምትወጋው መርፌ ታዘዘላት። ጥቂት ወር እንደቆየች፣ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ራዲዮኑ ከፎጣው ወጥቶ ይዘፍናል፤ እታለም ቆማ የኔን ዩኒፎርም ትተኩሳለች። ደብተሬን ወርውሬ አቀፍኳት። «ተይ፣ ካውያው ያቃጥልሻል» አለችኝ።

እማዬ ግን መርፌውን ለጎረቤት አላወራችም። «እመቤቴ ማረችልኝ» ነው ያለችው። ደግሞም ተስላ ነበር፤ ልጄን ከመለስሽልኝ በፍልሰታሽ ከደጅሽ አስቆርባታለሁ ብላ።

አፏ መቼ እንደጀመረ በትክክል የሚያውቅ የለም። በመጀመሪያ ከንፈሯን ትመጥጥ ነበር። ከዚያ መንጋጋዋ የሆነ ነገር እንደሚያላምጥ ወዲያ ወዲህ ይል ጀመር። አልፎ አልፎ ምላሷ ብቅ ትልና ትመለሳለች። የሚገርመው እሷ አታውቀውም። እኛም ክር የመበጠስ ልማዷ ነው ብለን ትተነው ነበር። በኋላ እንደሰማሁት፣ ፋብሪካ ውስጥ ማስቲካ ታኝካለች ይሏት ነበር፤ ሰፈር ውስጥ ደግሞ ጫት ጀመረች ተብሎላታል። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ምን እንደሚባል ግን ማናችንም አላሰብንም።

የዚያ ዓመት ፍልሰታ ዝናቡ ልክ አልነበረውም። ቅዳሴው ከሰዓት በኋላ ስለሆነ ቀኑን ሙሉ ውሃ እንኳን አይቀመስም። እማዬ ስንመለስ የምንቀምሰውን የሱፍ ፍትፍትና ስልጆ ከድና፣ ሦስታችንም ነጠላችንን ለብሰን፣ በፕላስቲክ ጫማ ጭቃውን እየረገጥን ሄድን። እታለም ከፊት ከፊት ነበር የምትሄደው። ከሕመሟ ወዲህ ስትቆርብ የመጀመሪያዋ ስለሆነ ደስታው እርምጃዋ ላይ ይታያል።

ለመቁረብ የተሰለፉት አብዛኞቹ ሕፃናትና ሽማግሌዎች ናቸው። እታለም ከመካከላቸው በቁመቷ ብቻዋን ትታያለች። እኔና እማዬ ምሰሶው አጠገብ ቆመናል፤ እማዬ ስእለቷ ሊደርስ ነውና አንገቷን አስግጋ ታያታለች። ሰልፉን የሚያስተካክለው ዲያቆን የእታለም እኩያ ቢሆን ነው። አጠገቧ ሲደርስ ቆመ። አፏን አየ። ደግሞ አየ።

«እኅቴ፣ ምን እየበላሽ ነው?» አላት። ቀስ ብሎ ነው የተናገረው፤ ግን ሕዝቡ ጸጥ ባለበት ሰዓት ነበር።

«እኔ?» አለችው። «ምንም።»

«እስቲ አፍሽን ክፈቺ።»

ከፈተችለት። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት አፏን ከፍታ ቆመች። ምንም የለም። ምላሷ ግን አላርፍ ብላ ወጣ ገባ ትላለች። «ውጣዋለች» አለች ከኋላ ያለች አሮጊት። ዲያቆኑ ክፉ ሰው አልነበረም፤ እህል የቀመሰ ሰው ቢያሳልፍ እሱም ይጠየቅበታል። እጁን ወደ ዳር ዘርግቶ «ለሌላ ቀን ይሁንልሽ፣ እኅቴ» አላት። ከሰልፉ ወጣች። ሕፃናቱ ወደፊት ተጠጉና ቦታዋ ወዲያው ሞላ።

በዚያው ጭቃ ወደ ቤት ተመለስን። እንደገባን እታለም ነጠላዋን ሳታወልቅ ወደ እኔ ዞረች።

«አፌ ምን ሆኖ ነው?» አለችኝ።

ዋሽቼ የት እደርሳለሁ? «ያኝካል» አልኳት። «ሁልጊዜ ያኝካል፣ እታለም።»

የአባታችንን የመላጫ መስታወት ከግድግዳው አውርዳ መስኮቱ ሥር ተቀመጠች። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። ብዙ ቆየች። በእጇ መንጋጋዋን ትይዘዋለች፤ ስትይዘው ይቆማል፣ ስትለቀው ይጀምራል። «እኔ እኮ አይደለሁም» አለች፣ ዓይኗን ከመስታወቱ ሳታነሣ። «የሺ፣ የማኝከው እኔ አይደለሁም።» ፍትፍቱን የነካው ሰው የለም፤ ማታ ላይ እማዬ ለለማኝ ሰጠችው።

በማግሥቱ የንስሐ አባታችን አባ ኪሮስ ወሬውን ሰምተው መጡ። ረጋ ያሉ፣ ሲናገሩ ጺማቸውን የሚያሻሹ ሰው ነበሩ። በላች መባሉን አላመኑም። «አንቺን ከሕፃንነትሽ አውቅሻለሁ» አሏት። «ግን ልጄ፣ ሌላ ነገር አለ። ምላስሽ እንዲህ እየወጣች፣ ተቀብለሽ ሳትውጪው ብታወጣውስ? መሬት ቢነካስ?» ይህን ማስረዳት አላስፈለጋቸውም። የቆረበ ሰው አፉን በነጠላው ይዞ፣ እንትፍ እንዳይል፣ እንዳያስነጥሰው፣ እንቅፋት እንዳይመታው ተጠንቅቆ ቤቱ እንደሚገባ ሁላችንም እናውቃለን። «ምላስሽ ትረፍ፤ የዚያን ቀን እኔ ራሴ አቆርብሻለሁ» ብለው ባረኳትና ሄዱ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እታለም ከዚህ ዓለም የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ ያ አፍ እንዲያርፍላት።

እማዬ ነገሩን በራሷ መንገድ ፈታችው። ያ የነበረባት ክፉ መንፈስ ከራሷ ቢወጣም አፏ ላይ ቀርቷል፤ መርፌውን ትታ በደንብ ትጠመቅ አለች። «መርፌና ጸበል አብሮ አይሄድም ይላሉ።»

«ማን ነው የሚለው?» አልኳት።

«የሚያውቁ።»

«የሚያውቁማ ቢሆኑ ያን ጊዜ ያድኗት ነበር።»

«አፍሽን ያዢ አንቺ» አለችኝ። ልክ ነበረች፤ እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ የሚይዘኝ አጥቼ ያደግሁ ነኝ። ያም ሆኖ እታለም ዶክተሩን ሳልጠይቅ ምንም አላደርግም ስላለች፣ የሚቀጥለው ቀጠሮዋ ሲደርስ ከትምህርት ቤት ቀርቼ አብሬያት ሄድኩ።

ዶክተሩ ወጣት ነው፤ ፊቱ ግን እንቅልፍ የናፈቀው ሰው ፊት ነው። ደጁ ላይ አግዳሚው ሞልቶ ሰው መሬት ላይ ተቀምጦ ይጠብቀዋል። እታለም አፏን ስታሳየው ምላሷን አውጪ፣ መልሺ፣ ጣቶችሽን አፍታቺ እያለ አያትና እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

«ከመርፌው ነው» አለን። እንዲሁ፣ ቁርጡን።

እኔ አላመንኩትም። «መርፌው እኮ ነው ያዳናት» አልኩት።

«እሱም እውነት ነው» አለኝ፤ ከዚያም ያ ሁሉ ሰው ደጅ እየጠበቀው ቁጭ ብሎ አስረዳን። አእምሮ ውስጥ አንዱ ሕዋስ ለሌላው መልእክት ይልካል፤ መልእክቱን የሚይዙ ተቀባዮች አሉ፤ ጆሮ በሏቸው አለ። እንደ እታለም ያለው ሕመም ሲነሣ መልእክቱ በዝቶ ጩኸት ይሆናል፤ የሌለ ድምፅ የሚያሰማው እሱ ነው። መርፌው የተቀባዮቹን ጆሮ ይደፍናል፣ ጩኸቱም ይበርዳል። «ችግሩ፣ አእምሮ ጆሮው ሲደፈንበት ዝም ብሎ አይቀመጥም። ለመስማት ይታገላል። ሌላ ተቀባይ ያበቅላል፣ ያሉትም ከበፊቱ የበለጠ ይሰላሉ። አፍና ምላስ የሚታዘዙበት ቦታ ላይ ይህ ሲሆን፣ ትንሿ ሹክሹክታ ሳትቀር እንደ ትእዛዝ ትሰማለች። አፍሽ ያልታዘዘውን የሚሠራው ለዚህ ነው።»

እታለም እጇን ጭኗ ላይ አጣምራ ሰማችው። «እነዚህ የበቀሉት ጆሮዎች ተመልሰው ይጠፋሉ?» አለችው።

«የአንዳንዱ ሰው ይመለሳል፤ በተለይ ቶሎ ከቆመ። የአንዳንዱ አይመለስም።»

«የኔስ?»

«አላውቅም» አለ ዶክተሩ። «ብናቆመው መጀመሪያ ይብስብሻል፤ ያ የደፈነው ነገር ሲነሣ የተሳለው ጆሮ ክፍቱን ይቀራል። ከዚያ ወራት ቆይቶ ሊሻልሽ ይችላል። ነገር ግን የፊተኛው ሕመምሽም ተመልሶ ሊመጣ ይችላል። እኔ ቀስ እያልን እንድንቀንሰው እንጂ ድንገት እንድትተዪው አልመክርሽም።»

ያን ጊዜ አላውቅም በማለቱ ጠምጄው ነበር። ለመሆኑ ያን ሁሉ ዓመት የተማረው አላውቅም ለማለት ነው እያልኩ በልቤ ስረግመው ወጣሁ። ዛሬ ሳስበው፣ በዚያ ዓመት ካናገርናቸው ሰዎች ሁሉ አላውቅም ያለው እሱ ብቻ ነበር።

ታክሲ ውስጥ እታለም መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣ፣ ሰው እንዳያያት ፊቷን ወደ ውጭ አዙራለች።

«እታለም፣ የራዲዮኑን ጊዜ ረሳሽው እንዴ?» አልኳት።

«አልረሳሁትም።»

«እና?»

«ያን ጊዜ ማበዴን አላውቅም ነበር፣ የሺ። ይኼንን ግን አውቀዋለሁ።»

መርፌውን እየቀነሱላት መጡ፤ ጥቅምት ላይ ከነጭራሹ ቆመ። እማዬ ይህን የጸበሉ ድል አድርጋ ቆጠረችው። ዶክተሩ እንዳለው መጀመሪያ ባሰባት። ምላሷን በጥርሷ ትነክሳለች፤ ምግብ ከአፏ ይወድቃል፤ የፋብሪካው ሴቶች ሻይ ሰዓት ላይ ፊት ለፊቷ መቀመጥ ተዉ። እሷ ግን «መጀመሪያ ይብሳል ብሎኛል» እያለች እኛኑ ታጽናናን ነበር። ኅዳር ላይ የነቢያት ጾም ገብቶ፣ አንድ ጠዋት ሦስታችንም ንፍሮ ይዘን ተቀምጠን ሳለ እማዬ እጇን በራሷ አፍ ላይ ጫነችና በዓይኗ ጠቆመችኝ። እታለም ንፍሮዋን ውጣ ጨርሳለች። አፏ ተገጥሟል። አይንቀሳቀስም። እንደ እኔና እንደ እናንተ አፍ ዝም ብሎ ተቀምጧል። እማዬ እልል ልትል ስትል ያዝኳት፤ እንዳናስደነግጠው የፈራሁ ይመስለኛል።

አባ ኪሮስ ተጠርተው መጡ። ከጸበል ጻዲቁ ዳቦ ቅንጣት ቆርሰው አፏ ውስጥ አደረጉና «አትዋጪው፣ ያዢው» ብለው አቡነ ዘበሰማያት ደገሙ፤ ቀስ ብለው፣ ከቅዳሴም ቀስ ብለው። እስኪጨርሱ ያዘችው። ከንፈሯ ንቅንቅ አላለም። «በቃ፣ ለታኅሣሥ ገብርኤል» አሏት። እታለም መሬቱን ሳመች። ነጠላዋ ላይ አዲስ ጥለት አስገባችበት፤ ልክ እንደ ሙሽራ ቀን ትጠብቅ ጀመር።

በዓሉ ሊደርስ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ከትምህርት ቤት ገብቼ ራዲዮኑን ልከፍት ስል ፎጣ ተጠቅልሎበት አገኘሁት። ለእማዬ ሳሳያት ፎጣውን ብዙ አየችው። «አቧራ እንዳይገባበት ይሆናል» አለች፤ ድምፅዋ ግን ሌላ ነው የሚናገረው። እታለምን ራሷን ጠየቅኳት። አልካደችኝም። ሌሊት እንደማትተኛ፣ ከግድግዳው ጀርባ ስሟን መጥራት እንደጀመሩ ነገረችኝ።

«ነገ ሄደን እንወጋ» አልኳት።

«ገብርኤል ይለፍ» አለች። እጄን ይዛ ነበር፤ እጇ ይቀዘቅዛል። «ያን ቀን ብቻ ልድረስ። ከዚያ እወጋለሁ። እስከዚያ እችላቸዋለሁ፤ የሚሉትን አልሰማቸውም።» እማዬም «ገብርኤል ይለፍ» አለች። እኔ ጮህኩ፣ ተሳደብኩ፣ ዶክተሩን ብቻዬን ሄጄ አመጣዋለሁ ብዬ ዛትኩ፤ ማን ሊሰማኝ። ሁለቱም ዓይናቸው አንድ ቀን ላይ ተተክሎ ነበር።

ለዋዜማው አልደረሰችም። ጠዋት ለሥራ ብላ ወጣች፤ ፋብሪካው አልመጣችም አለ። ፀሐይዋ ጠንከር ስትል ከሰፈር ሰው ጋር ፍለጋ ወጣን። ወደ ላፍቶ ስንወርድ ጤፉ ታጭዶ፣ ተከምሮ፣ በየአውድማው በሬዎች ይዞራሉ፤ ገለባው አየር ላይ ቢጫ ሆኖ ተንሳፍፏል። አንድ ገበሬ ከሩቅ አይቶን በእጁ ጠራን።

«ልጃችሁ ናት?» አለን። «ከጠዋት እዚህ ናት። ውሃም እንቢ፣ እህልም እንቢ። በርዷታል ብዬ አለበስኳት።»

ክምሩን ተደግፋ፣ የሰውየውን ጋቢ ለብሳ፣ ለማይታይ ሰው መልስ ትሰጣለች። እግሯ ላይ አንድ ጫማ ብቻ ነው ያለው። ተንበርክኬ «እታለም» አልኳት። ቀና ብላ አየችኝ። ያን ፊት አልረሳውም። እንደ ድሮው፣ ሳትታመም እንደነበረው፣ ጥርት ያለ ቆንጆ ፊት ነው። መናገሯን ስታቆም ከንፈሯ ገጥሞ ይቀመጣል፤ ምላሷ ቦታዋን ይዛለች። ያ የለመንነው ነገር ሁሉ ሆኗል።

«የሺን የት አደረግሻት?» አለችኝ።

ገበሬው ፊቱን አዞረ። እኔ እዚያው ገለባው ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ፤ ሰዎቹ እሷን ደግፈው ሲያነሷት እኔንም የሚያነሣኝ ሰው አስፈለገ።

በዚያው ዕለት ሆስፒታል ገባች፤ መርፌው ተመለሰ። ጥምቀት አልፎ ጥቂት እንደቆየች በስሜ ጠራችኝ። የካቲት ሲጋመስ ከንፈሯ ጀመረ፤ ለዐቢይ ጾም መንጋጋዋ፤ ከዚያም ምላሷ። ሁሉም ተራቸውን ጠብቀው ገቡ። ዶክተሩ ቆይተን ደግሞ በጣም ቀስ ብለን እንሞክር ይሆናል ሲላት «አይሆንም» አለችው። «እህቴን ለይቼ ሳላውቃት ቀርቻለሁ። ሁለተኛ ወደዚያ አልሄድም።»

አባ ኪሮስ በፋሲካ ማግሥት መጥተው ያሉትን አስታውሳለሁ። በኅዳሩ ጊዜ ቀን በመቁረጣቸው ራሳቸውን ይወቅሱ ነበር መሰለኝ፣ ፊታቸው ከስቷል። «አሁን የማንንም ምላስ አልጠብቅም» አሏት። «ትመጫለሽ፤ እኔ አገጭሽን በእጄ እይዛለሁ፤ እስክትውጪው አለቅሽም።»

እታለም አፏን በነጠላዋ ሸፍና ነበር። «አባ፣ እጅዎ ይደክማል» አለቻቸው። «ምላሴ ግን አይደክማትም። ቢወድቅብኝስ?»

«ጌታ ያውቃል፣ ልጄ።»

«እሱስ ያውቃል። እኔ ነኝ የማልችለው።»

ብዙ ለመኗት፤ እምቢ አለች። ከልክለዋት ሳይሆን፣ አብዝታ ከመውደዷ የተነሣ ራሷን ከለከለች። እማዬም ስእለቷን እንደያዘች ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሞተች።

እታለም ፋብሪካውን ትታ እቤት የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፋች ኖረች። አግብቼ ልጆች ስወልድ ከእኔ ጋር ገባች፤ ልጆቼም እታለም ብለው ነው ያደጉት። ክረምት ከበጋ ነጠላዋ አፏ ላይ ነው። አዲስ ጎረቤት በመጣ ቁጥር ለቅሶ መስሎት «ማን ሞቶባት ነው?» ብሎ ይጠይቀኛል። በኋላ አዳዲስ ክኒኖች መጡ፤ አእምሮዋን ደህና ያዙላት፣ አፏም ትንሽ ቀነሰ፤ መቆም ግን አልቆመም። በየዓመቱ ፍልሰታን ከማንም በላይ ትጾማለች። ቅዳሴ ትቆማለች። ሰልፉ ሲጀመር ወጥታ ቅጥሩ ሥር ትቀመጥና፣ የቆረቡት ሕፃናት አፋቸውን ይዘው ሲወጡ ታያቸዋለች።

ባለፈው ዓመት ግንቦት ውስጥ ሳል ይዟት ሰነበተ። ሐኪም አይቷት፣ መድኃኒት እየወሰደች፣ እየተሻላት መስሎን ነበር። አንድ እሑድ ከምሳ በኋላ ክፍሏ ገባ ስል ጋደም ብላለች፤ አፏ ዝም ብሏል። ያ አፍ የሚያርፈው በእንቅልፍ ብቻ እንደነበር ማወቅ አለባችሁ፤ ስትተኛ ይቆማል፣ ስትነቃ ይቀጥላል። ስለዚህ ደስ አለኝ። በስንት ቀኗ እንቅልፍ ወሰዳት ብዬ መጋረጃውን ጋረድኩላት፤ ልጆቹንም እንዳይጮኹ ተቆጣሁ። ሻይ ይዤላት ስመለስና ግንባሯን ስነካት ነው ያወቅሁት።

ሊገንዟት የመጡት ሴቶች እንደ ደንቡ መንጋጋዋን የሚያስሩበትን ጨርቅ ቀደዱ። «ትንሽ ቆዩ» አልኳቸው። እጄን አገጯ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። ከንፈሯ በራሱ ገጥሟል፤ ማሰሪያም የሚያስፈልገው አልነበረም። በሩ ላይ ለፍትሐት የተጠራው ወጣት ቄስ ቆሟል። ለሞተ ሰው ቁርባን እንደማይሰጥ አውቃለሁ፤ ያበድኩ እንዳይመስለው ብዬ ዝም አልኩ እንጂ፣ «አባ፣ አሁን ይይዛል፤ አሁን አይወድቅም» ልለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር።

እንዲህ ያለ አፍ ወደ ዕረፍቱ ይመለሳል ወይስ አይመለስም ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ቢኖር፣ ይመለሳል እለዋለሁ፤ ሁለት ጊዜ ሲመለስ አይቻለሁና። አንዱን ጊዜ እሷን ወስዶ ነው የተመለሰው፤ ሁለተኛውን ጊዜም እንደዚያው። ዲያቆኑ ሕጉን ጠበቀ፣ እማዬ ልጇን ወደደች፣ ዶክተሩ እውነቱን ነገረን፣ አባ ኪሮስም እጃቸውን ዘረጉ። እኔ ቁጣ የሚቀናኝ ሰው ነኝ፤ በዚህ ነገር ግን ማን ላይ እንደምቆጣ እስከ ዛሬ አጥቻለሁ።